በባዶው መንገድ ላይ

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለችው ጡረታ የወጣች የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ኦኪትሱ ትባላለች። ኤግዚቢሽኑ ከተከፈተ ሳምንት አልሞላውም። የዚያን ዕለት ጠዋት የባሕሩ ነፋስ በረዶውን ወደ ጎን እየነዳ የሙዚየሙን መስኮቶች ይገርፋል። ኦኪትሱ ጃንጥላዋን በር ላይ ትታ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው አዳራሽ ገባችና አንድ ሥዕል ፊት ቆመች። ቆማ ቀረች። ጥግ ላይ የተቀመጠው የአዳራሹ ጠባቂ አሟት እንደሆነ ሊጠይቃት ከወንበሩ ሲነሣ፣ ፊቷን ሳታዞር፣

"እዚህ መንገድ ላይ ሰው አልነበረም" አለችው።

ጠባቂው አልገባውም። እሷ ግን የምትለውን ታውቃለች፤ ያንን መጽሐፍ በየክረምቱ ለሕፃናት እያነበበች ነው ጸጉሯ የሸበተው። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት እናት መብራት ለኩሳ መስኮቱ ላይ ታስቀምጣለች። ከመስኮቱ ውጭ በረዶ የለበሰ ረጅም መንገድ አለ። መንገዱ ባዶ ነው። ገጹ ሲገለጥ በሩ ይንኳኳል፤ መጽሐፉም እዚያ ላይ ያልቃል። ማን እንዳንኳኳ አይነገርም። በዚህች በካሞሃማ ከተማ ተወልዶ "ማነው ያንኳኳው?" እያለ እናቱን ያላስቸገረ ልጅ የለም፤ መልሱን የምታውቅ እናትም የለችም።

ከሙዚየሙ መሸጫ መጽሐፉን አምጥተው ከሥዕሉ አጠገብ ገልጠው ያዙት። በመጽሐፉ ላይ መንገዱ ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው፣ የመጽሐፉ ገጽ በተቀዳበት በዋናው ሥዕል ላይ ግን፣ ሰማዩና በረዶው ከሚገናኙበት ዝቅ ብሎ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ግራጫማ ሰማያዊ የሰው ምስል አለ።

የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ ሄንሚ የምትባል ቀልጣፋ ሴት ናት። ሥዕሉን ተቀብላ ያስገባችው እሷ፣ የሰቀለችውም እሷ ናት፤ በየቀኑ ፊቱ ታልፋለች። መጽሐፉንና ሥዕሉን አስተያይታ ጨረሰች። ከዚያ ለፖሊስ ደወለች።

ኢንስፔክተር አጋትሱማ የጀልባ ሞተር ሌቦችንና የወደብ ሰካራሞችን ጠብ ሲያጣራ የኖረ ሰው ነው። ሙዚየም የገባው ተማሪ ሳለ ብቻ ነበር፤ ያኔም ከጓደኞቹ ጋር ሲሳሳቅ ተቆጥተው አስወጥተውታል። ሄንሚ ነገሩን አስረዳችው። ሠዓሊዋ እማማ ኩዙሚ ፉሳኤ ናቸው፤ መላው አገር ልጆቹን በእሳቸው ሥዕል አሳድጓል፣ ካሞሃማ ደግሞ "የእኛ" ትላቸዋለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸው ከነጭራሹ አልሠራ ብሏል። ከዚያ ወዲህ አልሳሉም። ኤግዚቢሽኑ ከተማዋ በሕይወት ሳሉ ልታከብራቸው ያዘጋጀችው ነው፤ ይህ ባዶ መንገድ ደግሞ ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚወደደው ነው። ሥዕሉ ከእማማ ፉሳኤ አሮጌ ቤት ሲመጣ ፎቶ ተነሥቷል፤ በፎቶው ላይ መንገዱ ባዶ ነው። ከዚያ ፍሬም ሠሪው ዘንድ ሄዶ አዲስ ፍሬም ገባና ተሰቀለ።

"ስለዚህ አንድ ሰው ፍሬሙን ከፍቶ ጨምሮበታል" አለ አጋትሱማ።

ሄንሚ፣ ጨምሮበታል ሳይሆን አበላሽቶታል ብላ አረመችው። ፍሬሙ ፊቱ በመስታወት የተሸፈነ፣ ከጀርባው በብሎን የተያዘ ነው፤ ካቻቢቴ ያለው ሰው ሁሉ ይከፍተዋል። ጉዳቱ እንዳይብስ ግን የሥዕል ጥገና ባለሙያ ከቶኪዮ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው ከለከለች። ባቡሩ ደግሞ በበረዶው ምክንያት ቆሟል።

አጋትሱማ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለ። የፈለገው የጣት አሻራና የተቧጠጠ የፍሬም ጠርዝ ነበር። ያየው ግን በረዶ ነው። ነጭ አልነበረም፤ ሰማያዊም፣ ግራጫም፣ ጥቂት ሮዝም ነበረበት፣ ሆኖም ከዚያ የነጣ ነገር አይቶ አያውቅም። የመንገዱ ዳር አጥር ወደ አንድ ጎን ዘሟል፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አጥሩ ይናገራል። ሳያውቀው የካፖርቱን ኮሌታ ሰብሰብ አደረገ። ሄንሚ ስታየው ጊዜ አፈረ፤ አዳራሹ ውስጥ ሙቀት ነበር።

*

እማማ ፉሳኤ ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ነው የሚኖሩት። አጋትሱማ ወሬውን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብሎ እዚያው ቀን ወጣ። ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ መስኮቱ ሥር፣ ባሕሩን እያዩ አገኛቸው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለ ነገር ለአሮጊት መንገር ከባድ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ፣ በመጨረሻ አንድ የማይታወቅ ሰው ባዶው መንገድ ላይ የሰው ምስል እንደሳለበት ነገራቸው። እማማ ፉሳኤ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ፊታቸውን ከባሕሩ ወደ እሱ አዙረው ጠየቁት።

"ማነው መጀመሪያ ያያት?"

ሥዕሏን ማለታቸው መሰለውና ኦኪትሱ የምትባል አስተማሪ መሆኗን ነገራቸው። ያየችው ብዙ ቆማ እንደሆነ ጠየቁት። አዎ፣ ብዙ ቆማ ነው አላቸው። ያን ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አጋትሱማ ሐዘኑ ጠንቶባቸው ነው ብሎ፣ ጥፋተኛውን ሳይዝ እንደማያርፍ ቃል ገባላቸው።

"አይቸኩሉ ኢንስፔክተር" አሉት፤ "በረዶ ላይ የቸኮለ ይወድቃል።"

*

ለመቸኮል ግን ምክንያት ነበረው። የሁለተኛው አዳራሽ ጠባቂ ቶጋሺ ይባላል፤ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሲዘጋ ሙዚየም የገባ፣ ዝምተኛ፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሰው። ጠዋት ማንም ሳይመጣ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ሄንሚ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ባለፈው ሳምንት የሸሚዙ እጅጌ ላይ ሰማያዊ ቀለም አይታ ነበር።

አጋትሱማ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ሻይ ቀድታ ላምባ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችለት። ኢንስፔክተሩ ግን ሻዩን አላየውም፤ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ሁሉም በረዶ ነው። ሁሉም መንገድ ነው። የአጥሩ መዝመም ሳይቀር የእማማ ፉሳኤ ነው፤ አንዱም ግን ኮሌታ የሚያሰበስብ አልነበረም።

ቶጋሺ አልካደም፣ አላመነምም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚስል፣ እንደ እሳቸው ለመሳል እንደሞከረና እንዳልሆነለት ተናገረ። ማታ ሲስል የነካው ቀለም እጅጌው ላይ ቀርቶ ይሆናል። ቁልፉም እሱ ጋ ነው። አጋትሱማ በቀጥታ ጠየቀው፤ ምስሉን የሳልከው አንተ ነህ?

ቶጋሺ የቀኝ እጁን መዳፍ ገልብጦ አየው።

"ያንን ለመሳል ድፍረት አይደለም የሚያስፈልገው ኢንስፔክተር፤ እጅ ነው። እኔ እጅ የለኝም። ይኸው ግድግዳዬን አይተውታል።"

ሚስቱ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። አጋትሱማ ብሩሾቹንና ቀለሙን በከረጢት ይዞ ወጣ። ሰማያዊው ከሥዕሉ ሰማያዊ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ይህን ዓይነት ሰማያዊ በከተማው የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ማንም ይገዛዋል። ሙዚየሙ ጉዳዩ እስኪጣራ ቤትህ ቆይ አለው። ስሙን ማንም በይፋ አልጠራም። ቢሆንም ካሞሃማ ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬ ከበረዶ ጠራጊው መኪና ቀድሞ ይደርሳል። በማግስቱ ዓሣ ሻጭዋ ለቶጋሺ ሚስት ሰላምታ ሳትሰጥ ሒሳቧን ብቻ ነገረቻት።

የጣቢያው አዛዥ ጉዳዩ አልቋል ባይ ነው። አጋትሱማ ግን አልተዋጠለትም። ያ መዳፍ ከፊቱ አልጠፋ አለው። ውሸታም እጁን ይደብቃል እንጂ ገልብጦ አያሳይም።

*

ከሄንሚ አንድ ሌላ ስም ሰምቶ ነበር፤ ናሩሴ። የእማማ ፉሳኤን መጽሐፎች ያሳተሙ የቶኪዮ አዛውንት ናቸው። በአንድ ወቅት በዚሁ ሥዕል ምክንያት ከሠዓሊዋ ጋር ክፉኛ እንደተጣሉ ይወራል። ለመክፈቻው መጥተው፣ በረዶው ባቡሩን ሲያስቆመው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ፍል ውኃ አጠገብ ማረፊያ ይዘው ቀርተዋል።

ናሩሴ ከፍል ውኃው ወጥተው፣ ፊታቸው እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልቶ፣ በወፍራም ልብስ ተጠቅልለው ተቀብለውታል። ለምን እንደመጣ ሲነግራቸው ሳቁ።

"በሰማንያ ዓመቴ ሰው ጠረጠረኝ! ግባ፣ ግባ፣ ቁጭ በል። ሚስቴ ብትኖር እንዴት ደስ ይላት ነበር።"

የጠቡን ነገር አልደበቁም። ያኔ ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ። ናሩሴ ሥዕሉን ሲያዩ፣ እንዲህ ባዶ የሆነ ገጽ ልጆችን ያስፈራል፣ እሩቁ ላይ አንዲት ልጅ ትጨመር ብለው ነበር። ፉሳኤ እምቢ አሉ። ናሩሴ ለምን ብለው ቢጠይቁ የመለሱላቸው ቃል እስከ ዛሬ ከልባቸው አልወጣም፤ "ገና አልመጣችም" ነበር ያሏቸው። ከዚያ ሥዕሎቻቸውን ጠቅልለው፣ ቻው ሳይሉ፣ በባቡር ወደ ካሞሃማ ተመለሱ። ናሩሴ ክረምቱን ሙሉ ተናድደው ከርመው፣ በጸደይ ራሳቸው ደውለው ተሸነፉ። ትክክለኛዋ እሷ ነበረች አሉ ለአጋትሱማ፤ አገር ሁሉ የወደደው ያንን ባዶነት ነው።

"ስለዚህ ልጅቷን ብፈልግ ኖሮ ያኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ ራሴ እጨምራት ነበር" አሉ። "አሁን በጨለመ ዓይኔ ሙዚየም ሰብሬ ልግባ?"

ከዚያ ድንገት ቀልዱን ተዉትና ሥዕሉን ላየው እፈልጋለሁ አሉ። በመክፈቻው ዕለት ሰው በዝቶ ከሩቅ ነበር ያዩት። አጋትሱማ በመኪናው ይዟቸው ወረደ።

አዳራሹ ለጎብኚ ተዘግቷል። ናሩሴ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከሄንሚ አጉሊ መነጽር ተቀበሉና መስታወቱ ድረስ ተጠጉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዞሩ።

"የሷ እጅ ነው" አሉ።

አጋትሱማ የእማማ ፉሳኤ እጅ እንደማይንቀሳቀስ አስታወሳቸው።

"አውቃለሁ። ሆስፒታል ሄጄ ይዤዋለሁ፤ እንደ እንጨት ነው። ቢሆንም የሷ እጅ ነው። እንዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ፖሊሱ አንተ ነህ።" አጉሊ መነጽሩን ሰጡት። "ደግሞ እየሄደች እንዳይመስልህ። እየመጣች ነው።"

አጋትሱማ አጎነበሰ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሁሉም ሰው ጀርባዋን ያየ መስሎት ነበር። በአጉሊ መነጽሩ ውስጥ ግን ከሩዝ ፍሬ የማትበልጠዋ ነገር አንዲት ሕፃን ሆነች። ፊቷ ወደ እሱ ነው። የገለባ ካባዋን በአንድ እጇ አንገቷ ላይ ጨብጣ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ ከሩቅ የምታውቀውን መብራት እንዳየች ሁሉ እየመጣች ነው። ኢንስፔክተሩ በሥራ ላይ መሆኑን ረሳ። ትንፋሹ መስታወቱን ሲያደበዝዘው ብቻ ነው የባነነው።

መስታወቱን በእጅጌው ጠርጎ እንደገና አያት። ያን ጊዜ ነው ያየው። ትከሻዋ ላይ በረዶ አለ። ከጉንጯ ፊት ለፊት አንድ ብናኝ እየወረደ ነው፤ የካባዋን ጠርዝ ሌላ ብናኝ ከልሎታል። ሁሉም ሰማዩ ላይ እንዳሉት፣ አጥሩ ላይ እንዳሉት ብናኞች፣ በአንድ ነፋስ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ።

"ወይዘሮ ሄንሚ" አለ ሳይነሣ፤ "ባለቀ ሥዕል ላይ ሰው ብጨምር፣ ሰውየው ከበረዶው በላይ ነው የሚሆነው ወይስ በታች?"

"በላይ ነው እንጂ። በረዶው ቀድሞ ደርቋላ።"

"እንግዲህ እዚህ በረዶው የወደቀው ከልጅቷ በኋላ ነው።"

ሄንሚ አጉሊ መነጽሩን ከእጁ ነጠቀችው። ከዚያ ሮጣ ፎቶውን አመጣችው። ብናኝ ከብናኝ አስተያዩ። መንገዱ ያው ነው፣ አጥሩ ያው ነው፣ ሰማዩ ያው ነው፤ ብናኞቹ ግን አንዱም በቦታው የለም። ሄንሚ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀውን ሥዕል የሰቀለች መስሏት ነበር። ያየችው የምታውቀውን እንጂ ፊቷ ያለውን አልነበረም።

ይህ የተበላሸ ሥዕል አልነበረም። ከመጀመሪያው የብሩሽ ምት እስከ መጨረሻው አዲስ የተሳለ፣ ሌላ ሥዕል ነው።

ታዲያ ዋናው የት ሄደ? አጋትሱማ ስለ ጥቂት ቀለም የመጣበት ጉዳይ አሁን የአገር ቅርስ ስርቆት ሆነበት።

*

ሥዕሉ ፎቶ ከተነሣ በኋላና ከመሰቀሉ በፊት ያረፈበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የፍሬም ሠሪው የአቶ ሳጋኤ ሱቅ። ሽማግሌው የእማማ ፉሳኤን ሥዕሎች ሁሉ ከጉብዝናቸው ጀምረው ፍሬም ውስጥ ሲያስገቡ የኖሩ ናቸው። አጋትሱማ ሲገባ እንጨት ይልጋሉ። ጥያቄውን ሰምተው መላጊያውን ሳያስቀምጡ መለሱ። ወደ እኔ የመጣውን ሥዕል የማንም ብሩሽ አልነካውም፤ ከእኔ ቤትም አልቀረም፤ ከሙዚየሙም አልወጣም አሉ። ሦስቱም እውነት ነው። ከዚህ ሌላ ግን አልናገርም፣ ቃል ሰጥቻለሁ አሉ።

ሊያስፈራራቸው ሞከረ፤ በሩን አሳዩት። በሩ ጋ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት ብሎ የቶጋሺን ነገር አነሣ፤ ቤቱ መቀመጡን፣ የከተማውን ሹክሹክታ፣ ሚስቱን ዓሣ ሻጭዋ እንዴት እንዳየቻት። ሳጋኤ መላጊያውን አስቀመጡ።

"ቶጋሺን? ያንን ምስኪን?" ጥቂት አሰቡ። "ይሄንን እሳቸው አልሰሙም። ይሂዱና ይንገሯቸው።"

አጋትሱማ "እሳቸው" ማን እንደሆኑ አልጠየቀም። መንገድ ላይ፣ የመኪናው መጥረጊያ በረዶውን ወዲያና ወዲህ ሲገፋ፣ አንዲት ቃል ጆሮው ላይ ትደወል ነበር። ያያት። ያን ዕለት ለእማማ ፉሳኤ የነገራቸው "የሰው ምስል" ብሎ ነው። ልጅ ናት አላላቸውም፤ እሱ ራሱ አያውቅም ነበርና።

*

እማማ ፉሳኤ ገና ከደጃፉ ሲያዩት ገባቸው። ይቀመጡ አሉትና ተንከባካቢዋን በሩን እንድትዘጋ ጠየቋት።

"'ማነው ያያት' ብለውኝ ነበር" አላቸው።

"አፌ አሳጣኝ" አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። "በዚህ ነገር የተወነጀለ ሰው አለ እንዴ?"

ነገራቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየ። ያንን አላሰብኩም አሉ። ሥዕሉን ነው ያሰብኩት፣ ሰውየውን አላሰብኩም። አሁኑኑ ወደ ቶጋሺ ቤት ይውሰዱኝ ብለው ወንበራቸውን በግራ እጃቸው ሊገፉት ሞከሩ። አጋትሱማ ከቶጋሺ ጋር እንደሚያገናኛቸው ቃል ገባላቸው፤ መጀመሪያ ግን ይንገሩኝ አለ።

እማማ ፉሳኤ ከወንበራቸው ጎን ከተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ወረቀት፣ ትንሽ የቀለም ሣህንና ቀጭን ብሩሽ አወጡ። ብሩሹን በግራ እጃቸው ያዙት። እጁ በአየር ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አጋትሱማ ብሩሹ የሚወድቅ መስሎት ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። የብሩሹ ጫፍ ወረቀቱን ሲነካ ግን መንቀጥቀጡ ቆመ። በአንድ ጊዜ ቆመ፣ ውኃ ላይ እንዳረፈ ወፍ። ከመስኮቱ ውጭ ባለው የብረት አጥር ላይ አንድ ቁራ ላባውን ነፍቶ ተቀምጧል። አንድ ምት፤ ጀርባው። አንድ ምት፤ ብርዱ። ሦስተኛው ምት ምን እንደሆነ አጋትሱማ አላወቀም፤ ቁራው ግን ወረቀቱ ላይ ነበረ፣ ሊበር ሲል።

ኢንስፔክተሩ ሳያስበው ከወንበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው በእጁ ሲሰርቅ፣ ሲሰብር፣ ሲመታ ነበር ያየው።

ከዚያ ነገሩት። ሱኤ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻቸው። ስድስት ዓመቷ ሳለ ወደ አክስታቸው ቤት ተልካ ወጣች፤ መንገዱ ቅርብ፣ ሰማዩም ጥሩ ነበር። ወዲያው ከባሕሩ በረዶ ያዘለ ነጭ ነፋስ ተነሣ። እናታቸው መብራት መስኮቱ ላይ አስቀመጡ፤ እስከ ጸደይ አላነሡትም። ያገኟት በረዶው ሲቀልጥ ነው።

"ስትሄድ ጀርባዋን አይቻለሁ" አሉ እማማ ፉሳኤ። "ቀኝ እጄ የሚያውቀው እሱን ነው። ስንት ጊዜ ሳልኳት፣ ስንት ጊዜ ቀደድኳት። ሁልጊዜ እየሄደች ነው። ስትመጣ አይቻት አላውቅማ። ስለዚህ መንገዱን ባዶ ተውኩት።"

ቀኝ እጃቸው ሲሞት ሁሉም ነገር ያለቀ መስሏቸው ነበር። ሐኪሞቹ ግራውን ለማፍታታት እርሳስ አስያዟቸው። እንደ ሕፃን ክብ መሳል ጀመሩ፤ ክቡ እንኳ አይዘጋም። ተንከባካቢዎቹ የእጅ ማፍታቻ ነው እያሉ ወረቀቱን ሰብስበው ይጥሉት ነበር። ሳጋኤ ሊጠይቋቸው ሲመጡ ይዘውት ከሚመጡት የሩዝ ብስኩት ሥር ጥሩ ወረቀትና ቀለም ይደብቁላቸው ጀመር። ጠዋት ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር፣ ዓመታት አለፉ። ያ እጅ ቀስ በቀስ አደገ። አንድ ቀን መንገዱን ሲስል፣ ማንም ሳያዘው፣ እሩቁ ላይ ልጅቷን አመጣት።

"ግራ እጄ ምንም አያውቅም ነበር ኢንስፔክተር። መሄዷንም አያውቅም።"

አጋትሱማ ለምን እንደደበቁት ጠየቃቸው። ቢናገሩ ኖሮ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ይመጣ ነበር አሉ፤ በግራዋ የምትስል አሮጊት እያሉ እጄን ያያሉ፣ መንገዱን የሚያይ የለም። እሳቸው የፈለጉት ሳይነገረው የሚያያት ሰው ነበር። ቢያንስ አንድ ሰው። ሱኤን ያን ክረምት ስንት ሰው ፈልጎ አላገኛትም።

ዋናው ሥዕልስ? እማማ ፉሳኤ ተገረሙ። ሳጋኤ አልነገሩዎትም እንዴ አሉት። ሲያስገቡት እዚያው ነው ያኖሩት፣ በዚያው ፍሬም ውስጥ፣ ከአዲሱ ኋላ። ሱኤን ከዚያ መንገድ እንዴት እለያታለሁ?

*

በማግስቱ ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ፍሬሙ በፊቱ ተደፍቶ ተቀመጠ። ሄንሚ፣ ናሩሴ፣ ሳጋኤና አጋትሱማ ቆመዋል። ቶጋሺ ከሚስቱ ጋር መጣ፤ ለምን እንደተጠራ አልገባውም። እማማ ፉሳኤ ወንበራቸውን ወደ እሱ አስጠጉና፣ ሰውነታቸው እስከፈቀደላቸው ድረስ፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። በእኔ ምክንያት ስምዎ ጠፍቷል፣ ይቅር ይበሉኝ አሉት። ቶጋሺ ደንግጦ ከእሳቸው ዝቅ ለማለት ወገቡ እስኪታጠፍ አጎነበሰ። ሄንሚም ሚስቱ ፊት አጎነበሰች።

ከዚያ እማማ ፉሳኤ ፍሬሙን እንዲከፍተው ካቻቢቴውን ለቶጋሺ አሰጡት። ቶጋሺ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ የጀርባውን እንጨት አነሣ። ከሥሩ፣ በቀጭን ወረቀት ተሸፍኖ፣ ባዶው መንገድ ነበር። አንድ ጭረት አላረፈበትም። ከእሱ ሥር ደግሞ ልጅቷ ያለችበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኛቸው።

አሮጌው ሥዕል አገር ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ እንከን የለበትም፣ ምቱ ሁሉ የሚሄድበትን ያውቃል። አዲሱ ላይ እጁ አልፎ አልፎ ይስታል፤ የአጥሩ አንድ እንጨት ጎብጧል፣ የጣራው ጠርዝ ተንቀጥቅጧል። በረዶው ግን ይወርዳል። አጋትሱማ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያይ ቆየና የሚያስበውን ለራሱ ለመናገር እንኳ ፈራ። ናሩሴ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ይጠርጋሉ። በሠዓሊዋ ፊት ይህን የሚናገር ሰው አልነበረም።

የተናገረው ቶጋሺ ነው።

"አዲሱ ይበልጣል" አለ።

እማማ ፉሳኤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሁለቱን ሥዕሎች፣ ሌላ ሰው የሳላቸው ይመስል፣ ለረጅም ጊዜ አዩ።

"አዎ" አሉ፤ "ይበልጣል።"

የአጋትሱማ ስልክ ጮኸ። አዛዡ ነበር፤ ምን ወንጀል ብዬ ልመዝግበው ይላል። አጋትሱማ ወንጀል የለም አለው። ታዲያ ምን አለ ሲለው፣ መጥተህ እይ ብሎ ዘጋው።

ሄንሚ ሁለቱን እንዴት እንደምትሰቅላቸው ልታማክራቸው ወደ እማማ ፉሳኤ ዞረች። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ብርሃኑን እየለኩ ነበር።

"እንደፈለጋችሁ አድርጉት" አሉና አጋትሱማን ጠቀሱት። "እኔን ቶሎ ይመልሱኝ ኢንስፔክተር። ያልደረቀ ሥዕል ትቼ ነው የመጣሁት።"

አጋትሱማ ወንበሩን ራሱ ገፋው።